የማልታ ሰዎች ዘር

ከቤሌ ወደ ሶዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ መጽሐፍ ዘርግተዋል።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜ ፈተና አለብዎት እንዴ?» አለቻቸው አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሴት።

«የማልታ ታሪክ ነው። አውሮፓ ያለች ትንሽ ደሴት ናት።»

«ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ትልልቅ ድንጋይ አቁመው የሚያመልኩ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ጠፉ፤ ጎሳቸው እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ደሴቷን ሮም ገዛት፣ ከዚያ ዓረብ፣ ኋላ እንግሊዝ። አሁን ራሷን ችላለች።»

«ታዲያ ይሄ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«እናቷ ስትሞትብኝ ትንሿን ልጄን ለማልታ ሰዎች በማደጎ ሰጠኋት። አሁን አድጋ ልትጠይቀኝ ትመጣለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ታዲያ ምን ያስተክዝዎታል?»

«ትልቋን የዳርኳት የባሏን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስጠይቄ ነው። ይቺን ስሰጥ ግን ‹የማን ልጆች ናችሁ?› ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ይኸው አሁን እጠይቃለሁ።»

«ደግ ሰዎች ናቸው፣ አባባ። የጳውሎስ መርከብ የተሰበረው እዚያ አይደል? ዝናብና ብርድ ሲመታው እሳት አንድደው ያሞቁት እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም ቤት እኮ እሳት ነበር።»

መውረጃዬ ሲያልፍ አየሁት፤ «ወራጅ አለ» ግን አላልኩም።