አራት አስ ይዞ አንገት መድፋት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ያን ሰኞ ነው። በዕድገት ፈተናው አንደኛ መውጣቴን ሰምቼ ለአለቃዬ ለጋሽ መኮንን በደስታ ነገርኳቸው። በማግስቱ ፈተናው ተሰረዘ፤ ቦታውም ለእህታቸው ልጅ ተሰጠ። እኔ ዲግሪዬን ታቅፌ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ።

ዛሬ እሳቸው ጡረተኛ፣ ቤቴል ውስጥም ጎረቤቴ ናቸው። እሑድ እሑድ ከሰፈር ሰዎች ጋር ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ገንዘብ አናስይዝም። ካርታውን ቀድሞ የጣለ ይተርፋል፤ እስከ መጨረሻው ቆይቶ የተሸነፈ ግን አሸናፊው ለጠየቀው እውነቱን ይመልሳል። ጋሽ መኮንን ደግሞ ጠንካራ ካርታ ከሸተታቸው ወዲያው ይጥላሉ። ባለፈው እሑድ አራቱም አስ እጄ ገቡ፤ ይህን የሚያሸንፍ ካርታ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አንገቴን ደፍቼ በረጅሙ ተነፈስኩ።

«ምነው ምሁሩ፣ ዛሬም አልቀናህም?» አሉኝ እየሳቁ።

«እኔን መቼ ቀንቶኝ ያውቃል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እስከ መጨረሻው አለሁ» ብለው ሦስት ንጉሥ ዘረጉ። እኔም አሶቼን አንድ በአንድ ደረደርኩ። ሳቃቸው ቆመ።

«አንተ፣ ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው የምታለቃቅስብኝ?»

«የያዝኩትን ቀድሜ ባሳይ ምን እንደሚከተል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ኮታቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አልኳቸው። «የእህትዎ ልጅ ከእኔ በምን ተሽሎ ነው? ይመልሱልኝ።»