መርዶ በሜክሲኮ

ኮሮናው ገና ሳይለቀን ነው ከጆበርግ ስፓኒሽ ልማር ለሁለት ወር ሜክሲኮ የሄድኩት። አባቴ አሌክሳንድራ ሰፈር ካለችው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ማስክሽን እንዳታወልቂ፣ አደራ!» ብሎ ሸኘኝ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ ሮሳ ጎረቤቶቿን አስከትላ ቆማለች፤ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። በከተማው ከኔ ሌላ ሐበሻ የለ! ግን ሐበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ከልጅነቴ አውቃለሁ። «አባቴ ነው?» አልኳት። አቀፈችኝ።

ለካ እናቴ ወንድሜን ለሮሳ አስደውላ «ልጄ በስልክ እንዳትሰማ፤ ማለዳ ሰው ይዘሽ ግቢ» ብላታለች። እናቴ ራሷ ግን የሰማችው ከሆስፒታል ተደውሎላት ነው፤ ሱቁ ውስጥ፣ ብቻዋን ቆማ።