አንዱ ከገባ በኋላ የሚዘጋው በር

ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት ሕክምና በሚሰጥ ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ማለዳ መስኮቴን ስከፍት የሰፈሬን በር ሠሪ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። አጠገባቸው ምራታቸው አንገቷን ደፍታለች፤ እግሯ ሥር ጢም ብሎ የሞላ ቦርሳ አለ። እሳቸው አንድ ቁልፍ በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ደህና አደሩ አባባ? በደህና ነው?»

«ምን ደህና አለ! ልጄ ከሥራ ፈቃድ አጣሁ ስላለ እኔ ይዣት መጣሁ። ትናንት ስምንት እንቁላል አውጥተውላት ከልጄ ዘር ጋር አድርገውታል። ዛሬ መልሱ ይታወቃል። ካልሆነ ከዚሁ ወደ እናቷ ትሄዳለች። የቤቱን ቁልፍም ተቀብያታለሁ። ስድስት ዓመት ጠበቅን፤ በቃን!»

ሰው ፊት እንዲህ መናገራቸው አናደደኝ።

ወዲያው የላብራቶሪ ባለሙያዋ መጣች። ዕድሜዋ ከምራትየዋ አይበልጥም።

«ከስምንቱ አንዱ ተሳክቷል» አለች።

«አንድ ብቻ? ሰባቱን ምን አረገቻቸው?»

«እሷ ምንም አላደረገችም፣ አባባ። አምስቱ ውስጥ ዘሩ አልገባም። ሁለቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሁለት ገባ።»

«እሰይ! መንታ ነዋ!»

«አይደለም። ሁለት ዘር የገባበት እንቁላል በደንብ አያድግም፤ ለይተን አስቀርተናቸዋል።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው በዚህ በተረፈው ላይ ዘር ጨምሩበት። እኔ የበር ማጠፊያ ስበይድ አንድ ቦታ ነክቼ አልተውም። መጠባበቂያ ያስፈልጋል።»

«ብንጨምርም አይገባም፤ በሩ ተዘግቷል» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንቁላሉ በዙሪያው ጥርት ያለ ልባስ አለው። በመጀመሪያ ልባሱ ዘሩን ይይዘዋል፤ ዘሩም እየገፋ ሰርጎ ያልፋል። አንዱ ገብቶ ከእንቁላሉ ጋር ሲዋሃድ ግን እንቁላሉ ከሥሩ አዘጋጅቶ ያቆየውን ነገር ወደ ልባሱ ይለቃል። ያኔ ልባሱ ይለወጣል። ሌላ ዘር የሚይዝበት ቦታ ይጠፋል፤ ይጠነክራልም። የቀሩት ውጭ ይቀራሉ።»

በር ሠሪው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ተቆልፎበት ሊታፈን ነው በይኛ! እኔ ስንቱን ከውስጥ ተቆልፎበት ሰብሬ አውጥቻለሁ። ክፈቱለት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አይታፈንም። የሚያስፈልገው ምግብና አየር በልባሱ ያልፍለታል። ልባሱ የሚከፋፈሉትን ህዋሳት እንዳይበታተኑ አቅፎ ይይዛቸዋል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይሳሳና ፅንሱ ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ማህፀን ላይ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ዛሬ ብንከፍተው ልንጎዳው እንችላለን።»

«ሳይወጣ የሚቀርስ አለ?»

«አለ።»

ከዚያች አንዲት እንቁላል በቀር የቀረ ተስፋ እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

«እንግዲህ አምስቱ እምቢ ያሉት የእሷ ናቸው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልጠነከረም።

ያን ጊዜ ምራትየዋ ቀና አለች። «አባባ፣ ስድስት ዓመት ብቻዬን ተመላለስኩ። ልጅዎ የተመረመረው ባለፈው ወር ነው። ዘሩ ደካማ ነው ተባለ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል።»

ሽማግሌው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። የሰው ሚስጥር ነውና እሷ ወለሉን ብቻ አየች። ከዚያ ወደ ምራታቸው ተመለሱ።

«ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ቤቴ እንዳይፈርስ ብዬ።»

«እኔ ላፈርሰው ነበር» አሉና ቁልፉን ዘረጉላት። ወዲያው አልተቀበለችም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆዩ፤ እኔም ካርድ የምፈልግ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ፊቴን ስመልስ ቦርሳውን ራሳቸው አንስተው በሩ ጋ ደርሰዋል፤ እሷ ከኋላቸው ናት።

ያን ቤተሰብ ስድስት ዓመት የጎዳው ከመካንነት ይልቅ ሴቲቱን ብቻ የመጠርጠር ልማድ ነው። ባልና ሚስት በመጀመሪያው ዓመት አብረው ቢመረመሩ ኖሮ ዕድሜ ይተርፋል፣ ሕክምናው በጊዜው ይጀመራል፣ በሐሰት የሚወቀስም አይኖርም ነበር። ይህን እዚህ መስኮት ላይ ሆኜ ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ፤ ለፍላፊ ቢሉኝም ግድ የለኝም።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌውና ምራታቸው ከእኔ ቀድመው ደጅ ቆመው ነበር። ልጃቸውንም ይዘውት መጥተዋል፤ ፈቃድ ማግኘት ይችል ኖሯል። ባለሙያዋ ብቅ ከማለቷ ሽማግሌው ከአግዳሚው ብድግ አሉ።

«ወጣ?»

«እየወጣ ነው፤ ልባሱ ተከፍቷል። ዛሬ ወደ ማህፀኗ እናስገባዋለን። ይያዝ አይያዝ ግን ገና አናውቅም።»

«ግቢ ልጄ» አሉ ምራታቸውን። «እኛ እዚሁ ነን። ቢይዝም ባይዝም አብረን ነው ወደ ቤት የምንገባው።»

ስትገባ እጇን አየሁት። ቦርሳ አልያዘችም፤ ቁልፉን ግን ጨብጣው ነበር።