ሦስት ጊዜ የታሰረ ኒካህ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጄ፣ ፎቶ መነሳት ያማረው ሰው ደሴ ድረስ ነበር የሚወርድ። አሁን አንቺ ስልክሽን ደቅነሽብኝ ታስወሪኛለሽ፣ ከጅዳ ይዘሽ የተመለስሽው እሱን ብቻ ነው መሰል። ይሁን፣ ቅረጪ። እኔ እንደሁ ካሜራ አልፈራም፣ ፊልም ሠርቻለሁ። አትሳቂ ፎዚያ፣ ወላሂ ሠርቻለሁ! ጎረቤትሽ ሆኜ ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ እኔንም ይገርመኛል።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰሜኑ በጦርነት ይነዳል፣ ታዲያ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ወደዚህ ወደ መካነ ሰላም መጡ፣ ሲወርዱ ብናይ አብዛኞቹ ሴቶች! ሴቶች ናቸው ስልሽ፣ ሱሪ የለበሱ። ወንዶቹ የት ሄዱ ብንል፣ ወንዶቹ ካሜራቸውን ይዘው ግንባር ናቸው፣ እና የኋላውን ሥራ ሴቶቹ ያዙት። አለቃቸው ሠናይት ትባላለች፣ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የጎረምሳ። "እንደገና!" ስትል ገበያው ሁሉ ይሰማታል። የመጡት ኒካህ ሲታሰርና ሙሽራዋ ባሏን ወደ ጦር ሜዳ ስትሸኝ ሊያነሱ ነው፣ ያየ ጎረምሳ ይዝመት ብለው ነው መቼስ።

ታዲያ ቀበሌው ማንበብና መጻፍ ታውቃለች ብሎ እኔን ሰጣቸው። ሥራዬ ምን መሰለሽ? ማስታወስ! ፊልም እኮ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ነው የሚያነሱት፣ እና ትናንት ጋቢው በየትኛው ትከሻ ነበር፣ ዱላው በየትኛው እጅ ነበር፣ ይህን የሚይዝ ሰው ያሻል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ያየሁት አይጠፋኝም። ሠናይት "ዘሀራ፣ አንቺ ከደብተሬ ትበልጫለሽ" ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማን እንዲያ ብሎኝ ያውቃል?

ያን ጊዜ አባቴ ለአንድ የከላላ ነጋዴ ሊድረኝ ነገሩን ጨርሷል። ሰውየው የአባቴ እኩያ ነው፣ ሁለት በቅሎ አለው። የእኔ ልብ ግን ሌላ ጋ ነው። ሰይድ ይባላል፣ ገበያ በርበሬ ይሸጣል፣ ሽማግሌ እንዳይልክ ድሃ ነው፣ እኔ በዚያ ሳልፍ በርበሬውን አፍስሶ ይለቅማል። እሱም ተመልምሎ ሊዘምት ሳምንት ቀርቶታል። እና ሠናይት ለባልነት ከዘማቾቹ መሀል መልከ መልካም ስትመርጥ ማንን ብትመርጥ ጥሩ ነው? እሱን!

"ሙሽራዋስ እማማ?"

ሙሽራዋማ የአዲስ አበባ ተዋናይ ነበረች፣ መንገዱ አንገላትቷት ትኩሳት ያዛትና ተኛች። ሠናይት ዞር ዞር ብላ አየችና "ዘሀራ፣ አንቺ ግቢ" አለችኝ። አባትና ሸህ የሚሆኑ ተዋንያን ነበሩ፣ እኔ ታዲያ "የእነዚህ አነጋገር የአዲስ አበባ ነው፣ ያገሬ ሰው ይስቅባቸዋል፣ አባቴንና የመስጊዳችንን ሸህ ላምጣልሽ" አልኳት።

"ይመጣሉ?"

"የመንግሥት ሥራ ነው ከተባሉ ምን ምርጫ አላቸው?"

መጡ። አባቴ ጋቢውን አሳጥቦ፣ ተኩሎ ነው የመጣው! ሸሁ "ፈቅደሻል?" አሉኝ፣ "ፈቅጃለሁ" አልኩ። አባቴ "ልጄን ዘሀራን ድሬሃለሁ" አለ፣ ሰይድ "ተቀብያለሁ" አለ። "አባባ፣ ካሜራውን አይዩት! እንደገና!" አለች ሠናይት። በሁለተኛው አህያ አናፋ። "እንደገና!" አባቴ ተቆጣ፣ "ስንት ጊዜ ነው የምድራት እኔ?" ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ተነስቼ፣ ጋቢው በግራ ትከሻ ነበር ብዬ ለአባቴ አስተካከልኩለት። ሦስተኛው አማረ። ሸሁ ብቻ አልሳቁም።

ሰዎቹ ሄዱ፣ ሰይድም ዘመተ። ታዲያ የከላላው ሰው ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ መጥተው ቁጭ እንዳሉ ሸሁ ደረሱና፣ "ይህች ልጅ ባል አላት" አሉ።

"ማነው ባሏ?" አለ አባቴ።

"ሰይድ ነዋ። አንተው ነህ የዳርካት ሙሄ፣ ያውም ሦስት ጊዜ።"

"ኧረ ሸህዬ፣ እሱ እኮ ለፊልም ነው!"

"ምላሱስ የማን ነው፣ የመንግሥት ነው? ኒካህ ቀልድ የለውም፣ በጨዋታም ቢሉት ይጸናል። እኔ የማውቀው አንድ ማሰር ነው፣ የፊልም ማሰር አልተማርኩም።"

"እንግዲያው ይፍታት!"

"ይፍታት። የት አለና?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ሽማግሌዎቹ በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። አባቴም አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረኝም።

እና ጠበቅሁ። ዓመት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። ሴቶቹ "የካሜራ ሚስት" ይሉኛል። እዚህ ላይ አልዋሽሽም፣ ፈራሁ፣ በገዛ እጄ ራሴን ያሰርኩ መሰለኝ።

ጦርነቱ ሲያልቅ በእግሩ መጣ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ። ከደጃችን አልገባም፣ እዚያው ቆመና፣ "ዘሀራ፣ ያኔ በትእዛዝ ነው የታሰርሽው። ካሻሽ እፈታሻለሁ፣ ማንም አይወቅስሽም" አለኝ። "አንተስ?" አልኩት። "ተቀብያለሁ" አለ። ካሜራ የለ፣ ሠናይት የለች፣ ማንም "በል" አላለው። እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አሥር ዓመት አብረን ኖርን፣ አላህ ይርሐመው፣ አንቺ ጡት ሳትጥይ ነው ያረፈው። ፊልሙን አላየነውም፣ መንግሥቱ ሲወድቅ የት እንደገባ እንጃ።

"እማማ ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያኔ አባትዎንና ሸሁን ላምጣ ሲሉ፣ ኒካህ ቀልድ እንደሌለው አያውቁም ነበር?"

ሃሃሃ! የጋቢ ትከሻ የማይጠፋኝ ሰው፣ ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት የሰማሁት ይጠፋኛል? በይ አሁን አጥፊው ስልኩን።