ክወና ማለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ነጭ የጠመጠሙ መሪጌታ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ስለታቀፈችው ላፕቶፕ ጠየቋት።

"ጀማሪዎችን ኮምፒውተር ላስተምርበት ነው፣ የኔታ።"

"በምን ትጀምሪላቸዋለሽ?"

"በሥርዓተ ክወና። ባለፈው ግን ቃሉን ስነግራቸው ግማሾቹ በማግስቱ ቀሩ።"

"ክወና ምን ማለት ነው?"

"ኦፐሬቲንግ ሲስተም።"

"እሱማ ሌላ ስም ነው። ፍቺውን ንገሪኝ እንጂ።"

"እውነቱን ለመናገር አላውቀውም። አዲስ የተፈጠረ ቃል ነበር የመሰለኝ።"

"ኧረ ግእዝ ነው! ኮነ ማለት ሆነ ማለት ነው፤ ክወናም መሆን ነው። ለመሆኑ ይህ ዕቃ ያለ እሱ ምንድን ነው?"

"ምንም። ቢበራም አይታዘዝም። ዝም ብሎ ብረት ነው።"

"እሱ ሲገባበትስ?"

"ያኔ ኮምፒውተር ይሆናል።"

"ይኸው፣ ራስሽ ፈታሽው!"

"የኔታ፣ ነገ ክፍሌ ይምጡልኝ።"

"እመጣለሁ፤ ግን ተማሪ ሆኜ። እኛ ዘንድ በ'ሀ' ይጀመራል። እናንተ ዘንድስ?"

"በዚህች ቁልፍ፣ በማብሪያዋ።"

"ልንካት?"

"ይንኳት።"

ያንን ቃል ፍቺውን ሳላውቅ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁት እኔ፣ ከኋላ አንገቴን አስግጌ የመሪጌታውን ጣት ተከተልኩ።