የናዝሬት ፍንጭትና የወንዳፈረው እጅ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የአቶ ወንዳፈረው ወልደሥላሴን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት የባለቤታቸው የናዝሬት አጎት ዳዊ ነኝ።

አቶ ወንዳፈረው ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሺታዬ በ1954 ዓ.ም. በወሎ አምባሰል ተወለዱ። በዚያው ተምረው በጤና ረዳትነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወላጆቻቸውን በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲያመጣቸው ተከትለው መጡ፤ በሰፈራው ጣቢያም ወባ ለያዘው ኪኒን ሲያድሉ፣ የታመመ ጥርስ በጉጠት ሲነቅሉ ዓመታት አሳለፉ። መንቀሉን ግን ፈጽሞ አልወደዱትም። ክልሉ ራሱን ችሎ ሲቆም ጥርስ መጠገን እንዲማሩ ወደ አዲስ አበባ ተልከው፣ በ1987 ዓ.ም. የጥርስ ቀለም ያለውንና በመብራት የሚጠነክረውን ሙሌት ይዘው ተመለሱ።

ከብስክሌት ወድቃ የፊት ጥርሷ የተሸረፈባት መምህርት ናዝሬት ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቻቸው አንዷ ነበረች። መቼም አዲስ ሙያ ያስቸኩላል! ስብራቱን እንዳይታወቅ አድርገው ከጠገኑ በኋላ፣ በተማሩበት መጽሐፍ ክፍተት እንደ ጉድለት ተቆጥሮ አይተው ኖሮ፣ ሳይጠይቁ በፊት ጥርሶቿ መካከል የነበረውን ፍንጭቷንም ደፈኑት። እናቷ፣ እኅቴ እሙዬ፣ ልጇን ስታይ እሪ ብላ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄደችና፣ እግዜር የከፈተውን የምትዘጋ አንተ ማን ነህ ብላ አፋጠጠቻቸው። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው፣ ጤነኛውን ጥርስ እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ፣ ጥቂት በጥቂት ሞርደው ፍንጭቱን መለሱት። ጄኔሬተሩ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ምልልሱ በዛ፤ በምልልሱም ተዋደዱ። በ1988 ዓ.ም. እሙዬ ራሷ መርቃ ዳረቻቸው፤ እኛም ጥርስ ሊጠግን ገብቶ ልጅቷን ወሰደ እያልን ስንቀልድባቸው ኖርን።

ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቁ የሰው አፍ አልነኩም። በልማድ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው በልጅነታቸው የተነቀለ የአገሬው ሽማግሌዎች ሲመጡም፣ የታመመውን አክመው፣ ክፍተቱን ጉድለት ሳይሉ በክብር ይሸኟቸው ነበር።

ሙሌት እያደር ይሸረፋልና የናዝሬትን የሚያድሱላት ራሳቸው ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ጉበታቸውን ሲታመሙ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከእኔ በኋላ ማን ያድስላታል የሚለውም ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቃቸው። ሙያውን ወዳስተማሯት ወደ ኛኪየር እንድትሄድ ለመኗት፤ ናዝሬት ግን የሌላ እጅ መቀበል ሞታቸውን መቀበል ስለመሰላት አሻፈረኝ አለች። ሙሌቱ ተሸርፎ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች አስታመመቻቸው። ባለፈው ሳምንት ግን ለማንም ሳትናገር ኛኪየር ዘንድ ደርሳ ተመለሰችና፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ፈገግ አለችላቸው። እሳቸውም መብራት አስጠግተው፣ እንደ ሐኪም ከግራ ከቀኝ ካዩ በኋላ፣ ኛኪየር ፍንጭቱን ሳትደፍን ትታዋለች ብለው ትራሳቸውን ተደገፉ። ከዚያ ወዲህ ጭንቀታቸውን አላነሱም።

አቶ ወንዳፈረው በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው፣ ትናንት በ1994 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እናታቸውን ወይዘሮ ሺታዬን፣ ባለቤታቸውን ናዝሬትን፣ ልጆቻቸውን ሀሌሉያንና ልድያን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥልን፤ አሜን።

አንቺም ልጄ ናዝሬት፣ እርማችንን ስናወጣ አፍሽን በነጠላሽ አትሸፍኚ፤ እሳቸው አይተውታል።