ዳገት ላይ የምታርፈው መኪና

ሰው የለመደውን ስሕተት እንደ ርስቱ ይሟገትለታል። አቶ ፈንታ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሃያ ሰባት ዓመት መሪ የጨበጡ፣ በአገሩ የተከበሩ ሾፌር። ግን በአንዲት ነገር ግትር ነበሩ፤ እሷም መኪናቸው ናት።

ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ አንድ ረጅም ዳገት አለ። በጋው ሲጠና የአቶ ፈንታ ፒክአፕ ከዳገቱ ወገብ ስትደርስ ድንገት ጸጥ ትላለች። እሳቸውም ኮፈኑን ከፍተው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ከግራር ሥር ቁጭ ይላሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ሲያዞሩት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሣለች።

«ደክሟት ነው። በቅሎስ ትደክም የለም?» ይላሉ ለተሳፋሪው።

ሰዉ ቦታውን «ፈንታ ማረፊያ» ብሎ ሰየመው። ማሬ የምትባል ሴትዮማ ብልጥ ናት፤ እዚያው ዳስ ጥላ ለቆመው ተሳፋሪ ቆሎና ጠላ መሸጥ ጀመረች።

በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ አቶ ፈንታ እንደልማዳቸው ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ሳለ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የጭነት መኪና ቆመና አንዲት ወጣት ወረደች። ሥራነሽ ናት፤ የመንደራቸው ልጅ። ደብረ ማርቆስ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ እናቷን ለመጠየቅ መምጣቷ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ፈንታ፤ እንደምን ከረሙ? ምነው ብቻዎን? ተሳፋሪው የት ሄደ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ተሳፋሪማ ከየት ይምጣ?» አሉ። «ባለፈው ወር አንዲት የታመመች አራስ ይዤ እዚሁ ቆሜ ቀረሁ። ነፍሷ ተርፋለች፣ ተመስገን፤ ሰው ግን አልረሳውም። ማክሰኞ ዕለት እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው በደጄ አለፉ። በደጄ! መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆማ እያዩዋት! ከፊት የያዘው፣ ቃሬዛው ከቤቱ የሚቀመጠው እንዳላማው ነው። ‹ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?› ስለው፣ ‹አያ ፈንታ፣ የእርስዎ መኪና እስክታርፍ እኛ እንደርሳለን› አለኝ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።»

ሥራነሽ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። አቶ ፈንታም ጀሪካናቸውን አንሥተው መጡ።

«ቆይ ጋሼ! ውሃውን የት ሊያፈሱት ነው?»

«እዚህች ጥቁር ሳጥን ላይ ነዋ! እሷን ሳጠጣት ቶሎ ትነሣለች።»

«ራዲያተሩ ላይ ቢያፈሱትስ?»

«ሞክሬዋለሁ፤ ምንም ለውጥ የለው።»

ሥራነሽ ሣቀች። «እንግዲያው በሽታውን እጅዎ ካወቀው ቆይቷል፤ እምቢ ያለው አፍዎ ነው!»

አቶ ፈንታ በዕድሜያቸው እንዲህ ሲባሉ ሊቆጡ ይችሉ ነበር። ግን ነገሩ እውነት ሆነባቸውና ጀሪካኑን አስቀመጡት።

«ይቺ ሳጥን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት» አለች ሥራነሽ። «ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚገባ ለፖምፓው የምታዝዘው እሷ ናት። ውስጧ ያለው ነገር ስስ ነው፤ ሙቀት አይችልም። እሷን ደግሞ ያስቀመጧት ፖምፓው ላይ፣ ከሚፋጀው ሞተር መሐል ነው። መኪናዋ በሜዳ ስትሮጥ ነፋስ ሳጥኗን ያገኛታል። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ግን ሞተሩ ይግላል፣ ነፋስም የለም። ያን ጊዜ ሳጥኗ ስትግል ማዘዝ ታቆማለች፤ ናፍጣ ይቋረጣል። ስትበርድ እንደገና ትነቃለች።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ዕረፍት ያስፈልጋታል ማለት አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ በቅሎ ጀርባዋ ሲላጥ ምን ያደርጋሉ?»

«አሳርፋታለሁ። ቁስሉ ሲደርቅ እጭናታለሁ።»

«በዚያው ኮርቻ?»

«እንዴት ተደርጎ! ኮርቻው የት ጋ እንደፈገፈጋት ታይቶ ይስተካከላል እንጂ። አለዚያማ ነገም ያው...» አሉና ዓይናቸውን ወደ ጥቁሯ ሳጥን መለሱ።

ሰው በክርክር የሚረታው ሌላው ስለጮኸበት አይደለም፤ በራሱ አፍ ሲመሰክር ነው። ቢሆንም አቶ ፈንታ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ሳጥኗ ከዚህ ትነሣ እንበል። ፋብሪካው ስንት ሊቅ ሰብስቦ ያስቀመጣትን እኛ ማን ነንና ነው የምናነሣት? ከሠሪው እኛ ልናውቅ?»

«ሠሪው አዋቂ ነው ጋሼ፤ ይህን ዳገት ግን አላየውም። በመጋቢት ፀሐይ ሰባት ኩንታል ጭኖ አልወጣውም። እርስዎ ግን ወጥተውታል። ያየ ሰው ያላየውን ቢያርም ንቀት ነው?»

«ወዴት ልትወስጃት ነው?»

«ወደ ፊት፣ ነፋስ ወደሚመታት፣ ከራዲያተሩ ፊት። ገመዷን አስረዝመዋለሁ። ሳጥኗን ጥርስ ጥርስ ባለው አሉሚኒየም ላይ አስራታለሁ፤ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ የፈታሁት አለኝ። ብረቱ ሙቀቷን እየተቀበለ ለነፋስ ይሰጥላታል።»

አቶ ፈንታ ጎንበስ ብለው የመኪናዋን ፊት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ጉድ ፈላ!» አሉ። «ክረምቱስ? ሐምሌ ላይ ይህ መንገድ እኮ ወንዝ ነው! ጭቃው መስታወቱን አልፎ ጣሪያ ይመታል። ይሄማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ልጄ!»

ሥራነሽ ስለ ሙቀቱ ስታስብ ጭቃውን ረስታዋለች።

«ይህንስ እውነትዎን ነው። አላሰብኩትም» አለች ሳታፍር።

የተማረ ሰው «አላሰብኩትም» ሲል መስማት ለአቶ ፈንታ አዲስ ነገር ነበር። ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያው ከፍ አድርገሽ እሰሪያት። የገመዱ መግቢያ ወደ ታች ይሁን፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ከሥሯ እኔ ከአሮጌ ጎማ መጋረጃ እቆርጥላታለሁ፤ ነፋስ ከፊት ይገባል፣ ጭቃ ከታች አይወጣም።»

ቀጠሮ ያዙ። በሳምንቱ ሥራነሽ ገመዷንና ጥርሳሙን አሉሚኒየም ይዛ መጣች። መጀመሪያ ባትሪውን አላቀቀች። ሳጥኗን ፈትታ አወጣች፤ ገመዱን አንድ በአንድ እየበየደች አስረዘመች፤ መጋጠሚያውንም ውሃ እንዳያስገባ አሸገችው። አቶ ፈንታ ካቻቢቴና ፒንሳ እያቀበሉ፣ «ይቺስ የማን ናት?» እያሉ ስለ እያንዳንዷ ሽቦ ሲጠይቁ ዋሉ። ጎማውን ሲቆርጡ ግን ማንንም አላስጠጉም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሰባት ኩንታል በቆሎ ጫኑና ሥራነሽን ከጎናቸው አስቀምጠው ዳገቱን ተያያዙት። ማረፊያው ሲቃረብ የለመደ እግራቸው ዳር ለመያዝ ፍሬኑን ነካ ነካ አደረገ። መኪናዋ ግን እያጉረመረመች ወጣች። ማሬ ከዳሷ ሮጣ ወጥታ፣ «ኧረ አያ ፈንታ! የት ነው? ቆሎው ተቆልቷል እኮ!» ብላ ጮኸች።

ከአናቱ ላይ ሲደርሱ አቶ ፈንታ በገዛ ፈቃዳቸው አቆሙና ወርደው ሳጥኗን ዳሰሷት። ለብ ብላለች እንጂ አትፋጅም። እንደገና ዳሰሷት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተረታሁ፣ ልጄ። ስንት ጊዜ ውሃ ሳፈስባት እየነገረችኝ አልሰማኋትም!»

«አልተረቱም ጋሼ። ጭቃውን ያሰበው ማን ሆነና?»

ግንቦት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ የአቶ ፈንታ ውሻ ጮኸ። ብቅ ቢሉ እንዳላማውና ሦስት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ ያሉት የእንዳላማው እናት፣ እማማ ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ።

እንዳላማው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አያ ፈንታ... ያደርሱናል?» አለ።

የዚያ ማክሰኞ ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር። ዋጡት። «ፍራሽ አንጥፉ!» ብለው ቁልፋቸውን ሊያመጡ ሮጡ።

ዳገቱ መሐል ሲደርሱ ከኋላ የጋቢናው መስታወት ተንኳኳ። እማማ ወለተ ሥላሴ ግራሩን አይተው ነው።

«ፈንታ! ምነው፣ ዛሬ አናርፍም እንዴ?»

«እናርፋለን እማማ፤ ሐኪም ቤት ደርሰን!»

እማማ ወለተ ሥላሴ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በአሥራ አንደኛው ቀን በዚያችው መኪና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐምሌም መጣ፣ ጭቃውም ተረጨ፤ የጎማው መጋረጃ ግን ቻለው። አሁን አራስ በሰዓቷ ትደርሳለች፣ ገበያተኛ እህሉን ሳይመሽበት ይሸጣል። አቶ ፈንታም መናኸሪያ ላይ ወጣት ሾፌር መኪናውን ሲራገም ከሰሙ፣ «አትሳደብ፤ ዳስሳት። የጋለውን ፈልግና ከጋለበት አንሣው» ይሉታል። ማሬ ብትሆን እያማረረችም ቢሆን ዳሷን ነቅላ ገበያው ዳር ተክላለች፤ እዚያ ሰው ወዶ ነው የሚቆመው።

የመንደሩ ሰው ቃሬዛውን አልጣለውም። ግን እንደ ድሮው ከእንዳላማው ቤት አይቀመጥም፤ በአቶ ፈንታ አጥር ላይ ተሰቅሏል። በሽተኛውን ከቤቱ እስከ መኪናዋ ያደርሰዋል፤ የቀረውን መንገድ አቶ ፈንታ ያውቁበታል።